የሦስቱ መንገዶች ዜማ
ስለ አገራችን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አመጣጥ

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ሲሉ አባቶቻችን መመሰላቸው የታወቀ ነው። ትርጓሜውም የአንድን አገር ነገር አጥርቶ የሚያውቀው፣ ሥሩንም ለመንቀል አቅም ያለው የዚያው አገር ተወላጅ ነው ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ ምሳሌ በአንድ በተለየ ጉዳይ ሲጠቀስ እንሰማለን። ጉዳዩም ወጣቶቻችን በኮምፒዩተር የሚያቀናብሩት አዲስ ሙዚቃ ነው። «ይህ የባዕድ በሬ ነው፤ የእኛን ሰርዶ ምን ያውቅና ነው የሚያርሰው?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛም ራሳችን ከእነዚህ ወገን ሆነን ስንናገር ኖረናል። ዛሬ ግን ነገሩን ከሥሩ መርምረን የደረስንበትን ለአንባቢ ልናቀርብ አሰብን። አሳባችንን ስለ ምን እንደ ለወጥን በመጨረሻው ላይ እንገልጻለን፤ የምንገልጸውም በጸጸት ነው።

የምንሠራው በአዲስ አበባ፣ የምንኖረው ግን በቡራዩ ነው። ከግቢያችን በስተጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ተከራይቶ ይኖራል። ቀን በሥራ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ እስከ እኩለ ሌሊት ያንኑ አንድ ምት መላልሶ ያሰማል። አንድ ቀን ማለዳ ታክሲ ስንጠብቅ አገኘነውና፣ «ለመሆኑ ይህ ሌሊት የምትደበድበው ነገር ምን ይባላል?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ስሙ ሐውስ ይባላል፤ እርግጫው ግን ከረገዳ የወሰድኩት ነው» ሲል መለሰልን። ረገዳ የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሐውስ የሚባለውን ግን እኛም አናውቅም ነበርና፣ የዚህ ወጣት መልስ ወደ ምርመራው መራን።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውቅ። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ሐውስና ቴክኖ ከወዴት መጡ

ሐውስ የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ነው። በ1977 በዚያች ከተማ «ዌርሐውስ» የሚባል የጭፈራ ቤት ተከፈተ። ዌርሐውስ ማለት የዕቃ ማከማቻ መጋዘን ማለት ነው፤ የሙዚቃው ስም ከዚህ ከመጋዘኑ ስም ተቈርጦ የቀረ መሆኑ ይነገራል። በዚያ ቤት ሸክላ የሚያጫውተው ፍራንኪ ናክልስ (1955–2014) የሚባል ከኒው ዮርክ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። ይህ ሰው አንዱን ሸክላ ከሌላው ጋር ሳያቋርጥ እያገናኘ፣ ደስ ያሰኘውን ክፍል እየደጋገመ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ አንድ ረጅም ዜማ ያደርገው ነበር። በጊዜው ዲስኮ የሚባለው ሙዚቃ በብዙዎች ዘንድ የተናቀ ሆኖ ነበር። እንዲያውም በሐምሌ ወር 1979 በቺካጎ በአንድ የቤዝቦል ሜዳ ብዙ ሺሕ ሕዝብ በተሰበሰበበት የዲስኮ ሸክላዎች በፈንጂ ተቃጥለዋል። ሐውስ ከዚያ አመድ የበቀለ ነው ቢባል አያሳስትም። ብዙዎቹ ድምፃውያን ደግሞ ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል የወጡ ስለ ነበሩ፣ የጭፈራው ቤት ዜማ የአምልኮውን ቤት ዜማ ይመስል ነበር።

ቴክኖ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ የዲትሮይት ልጅ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው፣ ሦስቱ የቴክኖ አባቶች የተገናኙት በታላቂቱ ከተማ መካከል አለመሆኑን ነው። ኹዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን ጓደኝነት የገጠሙት ከዲትሮይት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ቤልቪል በምትባል አነስተኛ ከተማ ትምህርት ቤት ነው። በዙሪያቸው ጸጥታ ነበረ። ሌሊት የሚያዳምጡት «ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ» በሚል ስም የታወቀውን የዲትሮይት ራዲዮ አስተናጋጅ ነው። በእርሱም ራዲዮ የጥቁር አሜሪካውያንን የፋንክ ሙዚቃና ክራፍትቨርክ የተባለውን የጀርመን ቡድን ጎን ለጎን ይሰሙ ነበር። ክራፍትቨርክ በ1977 በአውሮፓ ስለሚመላለስ ባቡር አንድ ሸክላ አውጥቶ የባቡሩን ግስጋሴ በመሣሪያ አስመስሎ አሰምቶ ነበር። ዲትሮይት ደግሞ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት፤ የብረት ድምፅ ለልጆቿ እንግዳ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ አትኪንስ በ1985 «ሞዴል 500» በሚል ስም የራሱን ሥራ አሳተመ። በ1988 በለንደን ከተማ የዲትሮይት ልጆች ሥራ ተሰብስቦ ሲታተም ቴክኖ የሚለው ስም በዓለም ታወቀ።

ስለ መሣሪያቸውም ጥቂት እንበል። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 «808» የተባለውን፣ በ1983 ደግሞ «909» የተባለውን የከበሮ መሣሪያ ሠራ። በመካከሉ በ1981 «303» የተባለውን ለጊታር ተጫዋች የቤዝ አጃቢ እንዲሆን አስቦ አወጣ። ባለሙያዎች ግን «ይህ እውነተኛ ከበሮና ቤዝ አይመስልም» ብለው ናቋቸው፤ የ808ም ሆነ የ303 ሥራ ብዙ ሳይቈይ ቆመ። ያን ጊዜ በአሮጌ ዕቃ ሱቅ በርካሽ ዋጋ መሸጥ ጀመሩና በድሆች ልጆች እጅ ወደቁ። ሀብታሙ የጣለውን ድሀው አነሣው፤ እውነተኛ ከበሮ አለመምሰሉንም ነውሩ ሳይሆን ጌጡ አደረገው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ይህ ሙዚቃ ከዳር የተወለደ መሆኑ ነው፤ ከመጋዘንና ከትንሽ ከተማ ወጣ እንጂ ከቤተ መንግሥት አልወጣም። ሁለተኛው፣ በተጣለ ዕቃ የተሠራ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሠሪዎቹ ባዶ እጃቸውን ያልመጡ መሆናቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑም፣ ከፋንኩም፣ ከፋብሪካውም ጆሯቸውን ሞልተው መጥተዋል። «አንደርግራውንድ» የሚባለውም ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ከገበያና ከታላላቅ አሳታሚዎች ፊት ርቆ በጓዳ የሚሠራ ማለት ነው። እኛም «የጓዳ ሙዚቃ» ብንለው የሚከፋ አይመስለንም።

ከተማዪቱን የሚመግቡ ሦስት መንገዶች

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን በደቡብ ምዕራብ፣ በምዕራብና በሰሜን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ዛሬ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ዋና ከተማዪቱ ከእነዚህ ከተሞች የምትቀበለው ብዙ ነው። ከቡራዩ የገፈርሳን ውኃ ትጠጣለች፤ ከሰበታ ቢራና የፋብሪካ ዕቃ ይመጣላታል፤ ከሱሉልታ ወተትና ድርቆሽ ይወርድላታል። ዳሩ ግን በእነዚህ በሮች የገባውና ማንም በሚዛን ያልሰፈረው አንድ ሌላ ሀብት አለ። ይኸውም ዜማ ነው።

የሰበታ መንገድ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይሄዳል፤ ከዓለም ገና ላይ ደግሞ ተገንጥሎ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይደርሳል። ጥላሁን ገሠሠ በወሊሶ አድጎ፣ ገና በልጅነቱ ዘፋኝ ለመሆን ቈርጦ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄም በ1943 የተወለደው በጅማ ነው። የጉራጌ ፈጣን ጭብጨባና ዝላይ የገባውም በዚሁ በኩል ነው። ያ ጭብጨባ ሳይደክም፣ ሳይዘገይ፣ ሰውን ሁሉ በአንድነት እያስነሣ የሚቀጥል በመሆኑ፣ ሐውስን ለሰማ ጆሮ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ርቀን ብንሄድ በደራሼ ሕዝብ ዘንድ ፊላ የሚባለውን የቀርከሃ ዋሽንት እናገኛለን። በፊላ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ተራውን ጠብቆ ድምፁን ሲጨምር ከሁሉም ድምፅ አንድ ዜማ ይወጣል። ሰበታ ዛሬ ሌላም የሚሰማ ነገር አላት። በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሣው ከእርሷ ነው። የጀርመኖቹን ባቡር የሰማ የሰበታ ልጅ የራሱን ባቡር ለማሰማት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል?

የቡራዩ መንገድ በሆለታና በአምቦ አድርጎ ወደ ወለጋ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ የገባው ረገዳ ነው። የረገዳ ጭፈራ መሬትን በእግር መርገጥ ያለበት በመሆኑ ከበሮ ባይኖርም እንኳ ምቱ አይጠፋም፤ ምድር ራሷ ከበሮ ትሆናለች። ከወለጋ ተሻግሮ በቤንሻንጉል የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ደግሞ ዙምባራ የሚባል ረጃጅም የቅል መለከት አለው። እዚህም እንደ ፊላው ሁሉ አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆማል፤ ዜማው የማንም ሳይሆን የሁሉም ነው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራበትን መንገድ ያየ ሰው በዚህ ይደነቃል። ያ መሣሪያ በተርታ የተደረደሩ አሥራ ስድስት ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ በተራው አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ከተርታው ዙረት ዜማ ይወለዳል። የጃፓን መሐንዲሶች በሽቦ የሠሩትን የበርታና የደራሼ አባቶች ከእነርሱ አስቀድመው በሰው ሠርተውታል።

የሱሉልታ መንገድ ከእንጦጦ ጀርባ ተነሥቶ፣ ሰላሌን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምና ጎንደር ይደርሳል። በዚህ በር የገቡት አዝማሪዎች ከነማሲንቋቸው ናቸው። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው፤ አዝማሪውም አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ በየድግግሞሹ ጥቂት ነገር ይለውጣል። ሰሚው የሚጠብቀው ያን ጥቂት ለውጥ ነው። የሰላሌ ሽማግሌም ገረርሳ ሲያወርድ እንዲሁ ነው። በእንጦጦ ተራራ ደግሞ የበገና ሊቁ ዓለሙ አጋ በልጅነቱ ከጎረቤቱ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ተምሯል፤ በኋላም በ1970ዎቹ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በገና አሥር አውታሮች አሉት። በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ እነዚህ ናቸው በገናውን እንደ ንብ ቀፎ የሚያስነዝሩት። ያንን ንዝረት ለማግኘት የውጭ አገር ሰዎች በኤሌክትሪክ ብዙ ደክመዋል፤ የእኛ አባቶች በቆዳ ቁራጭ አግኝተውት ነበር።

ከናስ መለከት እስከ ኮምፒዩተር

በሦስቱ በሮች የገባው ዜማ በከተማዪቱ ውስጥ የባዕድ መሣሪያ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን የሙት ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ እነርሱም የናስ መለከት ባንድ ሆኑ። ከዚያ ዘር የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች አድገው ወጡ። ሳክስፎን የእኛ አልነበረም፤ ዛሬ ግን የጥላሁንን ዘፈን ያለ ሳክስፎን ማሰብ የሚችል የለም። በ1969 አምኃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ እስከ 1975 ሲያሳትም፣ የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን በአገራችን ቅኝት ተናገሩ። ሙላቱ አስታጥቄም በለንደንና በቦስተን ተምሮ በ1972 ያሳተመው ሥራው በዓለም ታወቀ። በ2007 እና በ2008 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተጋብዞ በቈየበት ጊዜም ክራርን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለማሻሻል ሠርቷል።

በ1967 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ መጣ። ያን ጊዜ የሙዚቃ ወዳጆች በሩ ተዘግቶባቸው ከባንዱ ጋር በሆቴል ውስጥ እስኪነጋ ይቈዩ ነበር። የጓዳ ሙዚቃ ማለት ይህ አይደለምን? በሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ፣ ከአባላቱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዚያው ቀረ። ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለደ የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋች ነው። በ1985 በዋሽንግተን ከተማ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና ከከበሮ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አሳተመ። ካሴቱ በጊዜው ሰፊ ገበያ አላገኘም፤ ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። በ2013 ግን ያ ሥራ እንደ ገና ታትሞ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ተሻሙበት፤ ሽማግሌውም ወደ መድረክ ተመለሰ። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መሣሪያ፣ ከልጅነቱ የሰማው ዜማ፤ የቡራዩው ጎረቤታችን ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በካሴት ዘመን ኪቦርድ የነፊዎቹን ቦታ ሲይዝ ብዙዎች አዝነዋል፤ ኀዘኑም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቢሆንም ከዚያው ዘመን እንደ አበጋዝ ክብረ ወርቅ ሺዎታና በ2012 ዓ.ም. እንዳረፈው እንደ ኤልያስ መልካ ያሉ አቀናባሪዎች ወጥተውልናል። በጎጃም በቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 ያወጣችውን አልበም፣ ቢል ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ አቀናባሪ በ2003 እንደ ገና በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሠርቶ አሳትሞታል። የሱሉልታ መንገድ ዜማ ያን ጊዜ ኒው ዮርክ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ወጣቶች ከኒው ዮርክ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። ሚካኤል ሰይፉ የተባለው የአዲስ አበባ ልጅ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ራማፖ ኮሌጅ ሙዚቃ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2014 «ያራዳ ልጅ» የተባለውን፣ በ2016 «ዘላለም» የተባለውን ሥራ አወጣ። ክራርና የአዝማሪ ድምፅ ከኮምፒዩተር ምት ጋር ተዋሕደው ይሰማሉ። የመጀመሪያውን ያሳተመለት ዳዊት ኤክሉንድና ጓደኞቹ በዋሽንግተን ያቋቋሙት «1432 አር» የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ነው። ከሚካኤል ጋር የሚነሣው እንደገና ሙሉ ደግሞ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም ይሠራል፤ ሙዚቃውንም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰይሞታል። ሮፍናን ኑሪ በበኩሉ በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም አውጥቶ፣ የጓዳውን ሙዚቃ ብዙ ሕዝብ ወዳለበት አደባባይ አወጣው።

እነዚህ ወጣቶች የገጠማቸው ችግር ምን እንደ ነበረ ብንገልጽ ሥራቸው ቀላል አለመሆኑ ይታወቃል። የሐውስና የቴክኖ ምት በአራት የሚቈጠር ነው፤ እንደ ወታደር እርምጃ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእኛ ቺክቺካ ግን በስድስት የሚቈጠር ነው፤ ሰሚው እንደ ፈቀደ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ ሊሰማው ይችላል። የትከሻው እስክስታ የሚመጣው ከዚህ መንታ አቈጣጠር ነው። ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አራት ቈጣሪ ሆኖ ይመጣል፤ ስድስት የሚያስተምረው ባለቤቱ ነው። ከዚህም ጋር ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን ከፒያኖው ድምፅ ጋር ሁልጊዜ ልክ አይገጥሙም። ስለዚህ ጆሮው ከአዝማሪው ዘንድ ያልተማረ ወጣት መሣሪያው ያዘዘውን ብቻ ይሠራል። ሥሩን የሚያውቅ መሣሪያውን ይገዛል፤ ሥሩን ያላወቀ ግን በመሣሪያው ይገዛል።

በሱሉልታው ሠርግ የሆነው

አሁን በመጀመሪያ ቃል የገባነውን እንፈጽም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሱሉልታ በባለቤታችን ዘመዶች ሠርግ ላይ ተገኝተን ነበር። የባለቤታችን አጎት፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የዘለለ ሽማግሌ፣ ከምሳ በኋላ ብድግ ብለው በትራቸውን ተመርኩዘው ገረርሳ አወረዱ። አባታቸው ያረሱትን መሬት በየስሙ እየጠሩ፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ የሞቱትን ጓደኞቻቸውን አነሡ። ያ መሬት ዛሬ ቪላና የፋብሪካ አጥር የቆመበት ነው። ለሠርጉ ሙዚቃ ሊያጫውት የመጣው ወጣት ኮምፒዩተሩን ትቶ ወደ እርሳቸው ቀረበና፣ ስልኩን ይዞ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ድምፅዎን ልቅዳ? በሙዚቃዬ አስገብቼው ስምዎን እጠራለሁ» አላቸው። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፣ «ከቀዳህማ ሁሉንም ቅዳ እንጂ ልጄ፣ ጭራውን ይዘህ እንዳትሄድ» አሉት።

እኛ ግን ጣልቃ ገባን። «የሽማግሌ ድምፅ የጭፈራ ቤት መጫወቻ አይሆንም» ብለን ልጁን ገሥጸን መለስነው። በዙሪያችን የነበሩትም ደግ አደረጋችሁ አሉን። ልጁ አፍሮ ሄደ፤ ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ክረምት ሽማግሌው ዐረፉ። በአርባቸው ቀን ልጆቻቸው ያንን ገረርሳ ለማስታወስ ሞክረው ከመካከላቸው አንድ ስንኝ እንኳ ሞልቶ የሚያውቅ ጠፋ። ስልኮች ተፈለጉ፤ የተገኘው ፎቶግራፍ ነው። አፋቸው ተከፍቶ፣ በትራቸው ተነሥቶ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። ባሕልን የጠበቅን መስሎን ባሕልን የቀበርነው እኛ ነን።

ስለዚህ የሽማግሌውን ቃል ደጋግመን አስበነዋል። «ጭራውን ይዘህ እንዳትሄድ» ማለታቸው፣ ሁለት ቃል ቈርጦ ወስዶ ለማስጌጫ ብቻ ማዋል በቂ አይደለም፤ ሙሉውን ስማ፣ ሙሉውን ጠብቅ ማለታቸው ነው። ለወጣቶቹ የሚገባው ምክር ይኸው ነው፤ ለእኛም ለታላላቆቹ የሚገባን ወቀሳ በዚሁ ውስጥ አለ። ሙሉውን ይቅዱ፤ የአዝማሪውን፣ የገረርሳ አውራጁን፣ የፊላ ነፊውን ስምና አገር ይጻፉ፤ ከሥራው ገንዘብ ሲገኝ ድርሻውን ይስጡት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ደንግጓል፤ ሕጉ ግን በስልክ የተቀዳ ሽማግሌ ዘንድ ደጁን አንኳኩቶ አይደርስም። የሚያደርሰው የቀጂው ሕሊና ነው። ትምህርት ቤቶች፣ የባህል ጽሕፈት ቤቶችና እንደ እኛ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ከመገሠጽ ይልቅ ሽማግሌውንና ወጣቱን የሚያገናኝ ድልድይ ልንሆን ይገባናል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከዓመት ወደ ዓመት ከእርሻነት ወደ ከተማነት እየተለወጡ ናቸው። የደቦው ዜማ ያለ ደቦ፣ የእርሻው ፉከራ ያለ እርሻ ብዙ አይቈይም።

ባለፈው ጥር ከጎረቤታችን ከዚያ ወጣት ጋር ወደ ሱሉልታ ሄደን ነበር። የሟቹ ባልንጀራ የሆኑ አንድ ሽማግሌ በሕይወት አሉና ፈቃዳቸውን ጠየቅን። ልጁም የድምፅ መቅጃውን ከፊታቸው አስቀምጦ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ከረፋድ ጀምረው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወረዱ። ሲደክማቸው ቡና ተፈላ፤ ሲበረቱ ቀጠሉ። ልጁ አንዲት ቃል አላቋረጠም። ወደ ቡራዩ ስንመለስ፣ «የትኛውን ክፍል ልትወስድ አሰብህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አስቀድሜ ልማረው» አለን።

እንግዲህ ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው እውነት ነው። ስሕተታችን በሬው የቱ እንደ ሆነ አለማወቃችን ነበር። ኮምፒዩተሩ በሬ አይደለም፤ ማረሻ ነው። የማረሻ ብረት ከየትም አገር ቢመጣ ማረሻ ነው። በሬው ያ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሌሊት የሚተጋው ልጅ ነው፤ እርሱ ደግሞ ያገራችን በሬ ነው። ሰርዶው ሳይደርቅ ማሳውን እናሳየው።